«አንድ ብቻ ውሰዱ»፦ የሃሎዊን ከረሜላ ተረትና እውነታ

በቡሄ ልጅ ጅራፉን አጩኾ፣ ድምፁ እስኪሰልል ሆያ ሆዬ ብሎ ነው ሙልሙሉን የሚቀበለው። ስለዚህ በሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ማታ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር አበሾች ከረሜላ የሚለምኑ ልጆች በራችንን ሲያንኳኩ ቅሬታችን አንድ ነው፤ «ሳይጨፍሩ ነው እንዴ የሚሰጣቸው?»

በሃሎዊን የልጁ ልፋት አለባበሱ ነው፤ ደጃፍ ላይ «ትሪክ ኦር ትሪት» ካለ በቃ። ከዚህ ተነሥተው «ኮስቲዩም ያልለበሰ አይገባውም» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ኦቲዝም ኖሮበት ጭምብል ፊቱን ሲነካው መታገሥ የማይችል ልጅ አለ፤ ሦስቱን ቃላት ማለት የሚያቅተውም አለ። እናቱ ሁለት ሥራ የምትሮጥበት ደግሞ የዘወትር ሹራቡን ለብሶ ይመጣል። ማን እንደለፋ በደጃፍ መብራት አይለይም።

«ጎረምሳ ከረሜላ መለመን በሕግ ክልክል ነው» የሚባለውስ? በአብዛኛው ከተማ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም፤ የቨርጂኒያዋ ቼሳፒክ በ1970 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጣችው ደንብ ከ12 ዓመት በላይ የሆነውን እስከ ስድስት ወር እስራት ያስፈራራ ነበር። በ2019 ዕድሜውን ወደ 14 ከፍ አድርጋ እስራቱን ሰረዘች። እኔ ጢም ላበቀለውም እሰጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «አንድ ብቻ ውሰዱ» ወደተባለበት ጎድጓዳ ሳህን። ባዶውን ስናገኘው «አሳዳጊ የበደለው!» እንላለን። በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ይላል። ሲያትል ውስጥ በ27 ቤቶች 1,352 ልጆችን በስውር ተመለከቱ። በየቤቱ አንዲት ሴት በር ትከፍታለች፣ «አንድ አንድ ውሰዱ» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። አንዳንዶቹን ስማቸውንና ቤታቸውን ጠይቃለች፤ ሌሎቹን አልጠየቀችም። ብቻውን መጥቶ ስሙን ከተናገረው መካከል ትርፍ ከረሜላ ወይም አጠገቡ ያለውን ሳንቲም ያነሣው 7.5 በመቶ ነው። ስማቸው ሳይጠየቅ በቡድን ከመጡት ግን 57 በመቶው አነሡ! ከተማው ያው፣ ሳህኑም ያው። በ1979 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ከሳህኑ ኋላ መስተዋት አቆመ፤ ስማቸውን ከተጠየቁት መካከል ራሳቸውን እያዩ የሚሰርቁት ቀነሱ።

ሌላው እምነት «በበዛ ቁጥር ይደሰታሉ» ነው። በ2008 የዳርትመዝ ተመራማሪዎች ለአንዳንዱ ልጅ ትልቅ ቸኮሌት ብቻ፣ ለሌላው ቸኮሌቱን ሰጥተው ማስቲካ ጨመሩለት። ብቻውን የተሰጠው ይበልጥ ተደሰተ፤ ማስቲካው የመጨረሻውን ስሜት አደበዘዘው። ሩጫችሁ ከረጢት ለመሙላት ከሆነ ገንዘባችሁን አትርፉ።

መርዝ የተቀባ ከረሜላስ? የደላዌሩ ሶሲዮሎጂስት ጆል ቤስት ለዓመታት የጋዜጣ ዘገባ ፈትሾ፣ ለሃሎዊን ሲዞር ከማያውቀው ሰው በተቀበለው ከረሜላ መሞቱ የተረጋገጠ ልጅ አላገኘም። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ የሞተውን ሕፃን የመረዘው የገዛ አባቱ ነበር። ያም ሆኖ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ አስሬ ስሰጥ ወላጆች መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ማታ ፈረቃ ነኝ። ሳህኑን በረንዳ ላይ ትቼ፣ ከኋላው የመኝታ ቤቴን መስተዋት አቆምኩ። ስም የሚጠይቅ ግን የለም። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ መስተዋቱ ላይ አንዱ በቸኮሌት ጣቱ ፂም ስሎበታል።