እቃ አጣቢ ሆኖ ሥራ ለሚጀምር ወጣት፦ ከማጠቢያው ገንዳ እስከ ደመወዝ ቀን

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት አልቀው ፋሲካ ሲገባ፣ ቀዝቅዞ የከረመው የሥጋ ቤቶችና የመጠጥ ቤቶች ገበያ በአንድ ሌሊት ይሞቃል። በዚህ ሰሞን አስተናጋጅና ምግብ አብሳይ የተሟላለት ቤት እንኳ እቃ አጣቢ ያጥረዋል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ለሚመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ በቶሎ የሚገኘው ሥራም ይኸው ነው። የትምህርት ማስረጃ እምብዛም አይጠየቅበትም፤ ተያዥ ግን ይጠየቅበታል።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ምሽት ላይ ቤቱ ሲሞላ ግን ሳህኑ ከእጅ ፍጥነት በላይ ይከመራል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ጉልበት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ትርፍራፊው አስቀድሞ ይራገፋል፤ ብርጭቆ በንጹሕ ውሃ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ሳህን ይከተላል፤ ድስትና መጥበሻ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ምክንያቱ ቅባት ነው። የክትፎ ሳህን በታጠበበት ውሃ የታጠበ የድራፍት ብርጭቆ ስስ የቅባት ሽፋን ይይዛል፤ ጃምቦው ሲቀዳበትም አረፋው ወዲያው ይጠፋል። ደንበኛው የሚወቅሰው ቢራውን ነው፤ ብርጭቆውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ቅቤ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም፤ ስለዚህ የሞቀ ውሃ የግድ ነው።

ከሳሙናው በኋላ እቃው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ጀርም ለመግደል 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ከሆነ፣ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ እቃው በጨርቅ ሳይወለወል ተደፍቶ ቢደርቅ ይመረጣል፤ የቆሸሸ ጨርቅ የታጠበውን መልሶ ይበክለዋልና። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ቢላዋ በአረፋ ውስጥ ተደብቆ አይተውም። ብርጭቆ በገንዳው ውስጥ ከተሰበረ እጅ ከመስደድ በፊት ውሃውን ማፍሰስ ይቀድማል። የጎማ ጓንት፣ ሽርጥና የማያንሸራትት ጫማ ለዚህ ሥራ ቅንጦት አይደሉም፤ አሠሪው ሊያቀርባቸው የሚገቡ የደኅንነት መጠበቂያዎች ናቸው።

አብዛኛው ውዝግብ የሚነሳው ከገንዳው ሳይሆን ከውሉ ነው። «እስቲ ሥራህን እንየው» ተብሎ ያለ ክፍያ ወራት የሚያገለግል ወጣት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥ ይደነግጋል። በሙከራ ጊዜም ደመወዝ ይከፈላል። ጊዜው አልፎ ሥራው ከቀጠለ፣ ቅጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ውሉ በቃል የተደረገ እንደሆነም አሠሪው ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ሆኖ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የሰዓት ክፍያው 20 ብር የሆነ እቃ አጣቢ እኩለ ሌሊት ላይ ለሠራው አንድ ትርፍ ሰዓት 35 ብር ያገኛል ማለት ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው በ2.5 ይባዛል። ፋሲካንና ገናን በማጠቢያ ቤት ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

የተሰበረ ብርጭቆስ? በብዙ ቤቶች የወሩ ደመወዝ በብርጭቆ ዋጋ ተሸርሽሮ ይደርሳል። በሕጉ መሠረት ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለበለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር ለፊርማ የሚቀርበውን ወረቀት ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም ማስነበብ ይኖርበታል።

ልጆቻቸውን ወደ ከተማ የሚልኩ ወላጆችም ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ አለ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊቀጠር አይችልም። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። የመጠጥ ቤት ዋናው ገበያ ሌሊት በመሆኑ ክልከላው ተግባራዊ የሚሆንባቸው ቤቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ደላላውም ስለዚህ አያነሳም።

ክፍያ የተከለከለ ሠራተኛ በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያን ማማከር፣ ካልሆነም ክስ ማቅረብ ይችላል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ግን ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር የመዘገበ ሠራተኛ ቢያንስ የሚያሳየው ማስረጃ በእጁ አለ።