ከቆጮው ጎን ምን ይቅረብ? የሚበሉ ነፍሳትና ምርመራቸው

በከምባታዋ ዶዮገና እንሰት ቤተሰብ ያጠግባል፤ ፕሮቲን ግን ከሌላ ይፈለግለታል። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነውና ጎመን፣ ባቄላ፣ አይብ ወይም ሥጋ ካላገኘ ለሚያድግ ልጅ አይበቃም። የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሚበሉ ነፍሳት ሰፊ ሪፖርት ካወጣ ወዲህ ሐሳቡ እዚህም እዚያም ይነሳል። የብዙ ሰው መልስ «ኧረ ወዲያ!» ነው። ለእኔ ግን ከመጸየፉ ይልቅ የምርመራው ነገር ይከብዳል።

ከመለኪያው እንነሳ። ላቦራቶሪ በተለመደው ዘዴ ፕሮቲንን በቀጥታ አይለካም፤ ናይትሮጅኑን ለክቶ በ6.25 ያባዛል። የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ካይቲንም ናይትሮጅን ስላለው ቁጥሩ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ለሦስት ዓይነት እጮች 4.76 ይሻላል ብሏል። 8 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ናሙና በፊተኛው ስሌት 50፣ በኋለኛው 38 በመቶ ፕሮቲን ይሆናል። ለልጅ ምግብ ለሚያሰላ ባለሙያ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ነፍሳት የሚበሉት ከነአንጀታቸው ስለሆነ በአውሮፓ ለገበያ የሚረባው የዱቄት ትል ከመገደሉ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ይጾማል። መቁላት ብቻውን የአንጀት ባክቴሪያን ሁሉ አይጨርስም፤ አስቀድሞ መቀቀል ይሻላል። ስፖር የሚሠሩት ግን ከመቀቀልም ይተርፋሉ፤ ያደረ ቅቅል የሚያሰጋውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ስለ ትሉ ደህንነት የግምገማ አስተያየቱን ሲያወጣ፣ ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው አለርጂ ሊነሳበት እንደሚችል አስጠንቅቋል። ሽሪምፕ ዓይቶ የማያውቅ የከምባታ ሰው ታዲያ ይህን በምን ይወቅ?

የኬሚካሉ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የበረሃ አንበጣ አገሩን ሲወር እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች ተረጭተውበታል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አንበጣን ይፈቅዳል፤ የተረጨበትን ግን ማንም ሊፈቅድ አይችልም። ኩዌት ውስጥ ለምግብ በተሸጠ አንበጣ ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቷል።

ዶዮገና ነፍሳትን የምትቀበለው ቀድሞ በሰሃን ሳይሆን በዶሮ መኖ በኩል ይመስለኛል። ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለው ዝንብ እጭ በገበያ ጥራጊ ይረባል፤ በጥራጊው ካድሚየም ካለ ግን በገላው ያከማቸዋል። እንግዲህ ናሙና መውሰድ የሚጀመረው ከእጩ በፊት፣ ከጥራጊው ነው።