«ሻንጣሽ የት አለ?»
ስለ ሀገር ቤት ህልሞች፦ ተረትና እውነታ

ከአጅማን ወደ ዱባይ ዩኒየን በሚወስደው አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ። ሻርጃን ስናልፍ አል ኢትሃድ መንገድ እንደ ወትሮው ተዘጋግቷል። ሾፌሩ በሩን ከፈተልኝና ወርጄ በእግሬ ጀመርኩት። ጥቂት እንደሄድኩ አስፋልቱ አፈር ሆነ፤ ሙቀቱ በረደ፤ ከፊቴ የጦሳ ተራራ ቆሟል። ደሴ ገብቻለሁ። እናቴ ከደጃፉ ቁጭ ብላ ስኒ ታጥባለች። ቀና ብላ አየችኝና ስሜን እንኳ ሳትጠራ «ሻንጣሽ የት አለ?» አለችኝ። እጄን ሳየው ባዶ ነው። ስነቃ የሱብሂ አዛን እየተሰማ ነበር።

በዕረፍት ቀናችን ቡና ላይ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ገና «ህልም አየሁ» ስል አንዷ «በጎ ይሁን» አለች፣ ሌላዋ «ኸይር ነው» አለች። ከዚያ ፍቺው መጣ። በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ «ስኒ ማጠብ ለቅሶ ነው፤ ለእናትሽ ደውዪ» አሉኝ። ሁለተኛዋ «መንገድ ነው፤ በቅርቡ ትገቢያለሽ» አለች። ሦስተኛዋ «ባዶ እጅ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ወር ብር እንዳትልኪ» ስትል መከረችኝ። በአንድ ህልም ሞት፣ መመለስና ኪሳራ ተነገረኝ።

ህልም እንደ ፈቺው ነው የሚለው ብሂል እውነት አለው። እዚህ ሀገር ግን ፍቺው ዋጋ ያስከፍላል። ህልም አስደንግጧት ውሏ ሳያልቅ ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች እህት ወረቀቷ ይበላሻል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ አልፎ የእፎይታው ጊዜ ካበቃ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርባታል። በስልክ ህልም እፈታለሁ ለሚል ሰው የወር ደመወዝ የሚልኩም አሉ። ስለዚህ ዘወትር የምንሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ ሊነጋጋ ሲል የታየ ህልም አይስትም።

እውነታ፦ የንጋት ህልም ደማቅ የሚሆነው በእንቅልፍ አሠራር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አሳወቁ። በዚያ ሰዓት የሚቀሰቀስ ሰው ብዙውን ጊዜ ህልም ይናገራል። ይህ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሌሊቱ በገፋ ቁጥርም እየረዘመ ይሄዳል። ረጅሙና ደማቁ ህልም ወደ ንጋት የሚጠጋው ለዚህ ነው። በአዛን ወይም በስልክ ጥሪ ከመካከሉ ከነቃን ደግሞ ሳይረሳ ይቀራል። «እኔ ህልም አላይም» የሚል ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እያየ ይረሳል እንጂ ሳያይ አያድርም።

ተረት፦ መንገድ፣ አውሮፕላን ወይም የቤት ደጃፍ ማየት የመመለስ ምልክት ነው።

እውነታ፦ የህልም አብዛኛው ጥሬ ዕቃ ከኖርናቸው ቀናት ነው፤ ለዚያውም ከትናንቱ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ ከ2,500 የሚበልጡ የራሱን ህልሞች መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ። ከመዝገቡ እንደተረዳው፣ ሲጓዝ ያየው አዲስ ስፍራ ወደ ህልሙ የሚገባው ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነበር። ዱባይ የገባች ሰሞን ሌሊቱን ሁሉ ሀገር ቤት የምታድር ልጅ ካለች፣ ልቧ ከሰውነቷ ቀድሞ እንደሄደ አታስብ፤ አእምሮዋ አዲሱን ከተማ ገና አልተቀበለም ማለት ነው። ከዓመታት በኋላም ደጃፉ ቢመላለስባት ናፍቆቷን ይናገራል። የመግቢያዋን ቀን የሚወስኑት ግን ውሏ፣ ፓስፖርቷና ትኬቷ ናቸው።

ተረት፦ ጥርስ መውለቅ የዘመድ ሞት ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት የጥርስ መውለቅ ህልም ከምን ጋር እንደሚሄድ መርምሮ ነበር። የተገናኘው ሲነቁ በጥርስ፣ በድድና በመንጋጋ ላይ ከሚሰማ ሕመምና መወጠር ጋር ነው። ከጭንቀት ጋር እንኳ ያን ያህል ዝምድና አልታየበትም። ይህ ህልም የሚደጋገምባችሁ ከሆነ፣ ሌሊት ጥርሳችሁን ታፋጩ እንደሆነ አብሯችሁ የሚተኛውን ጠይቁ፤ የጥርስ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ።

ተረት፦ የሞተ ሰው «ነይ እንሂድ» ሲል ተከትሎ መሄድ ሞት ነው።

እውነታ፦ የሞተን ዘመድ በህልም ማየት ሐዘንተኞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙዎችም ከህልሙ መጽናናትን ያገኛሉ። በስደት ደግሞ ምክንያቱ ይበረታል። አባቷን ያልቀበረች፣ ሠልስቱን ያልተቀመጠች፣ ለቅሶዋን ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ በሰው ቤት ኩሽና የጨረሰች ልጅ ሐዘኗ የሚወጣበት ቦታ አላገኘም። በህልሟ ከአባቷ ጋር መንገድ ብትጀምር ያልደረሰችበትን ሽኝት እየሸኘች ነው። ይህች እህት ፍርሃት አይጨመርባት፤ የምታለቅስበት ቦታና ለቅሶ የሚደርሳት ሰው ይፈለግላት።

ተረት፦ «እናቴ ስትሞት አየሁ፤ እውነትም ሞታ ኖሯል። ህልሜ ነገረኝ።»

እውነታ፦ ይህን የምትል ሴት አልዋሸችም። ሆኖም ባህላችንን እናስታውስ። ሀገር ቤት ያለ ዘመድ ለስደተኛ ልጅ ሞት በስልክ አይነግርም፤ መርዶው እስክትመለስ ወይም የሚያረዳት ሰው እስኪገኝ ይደበቃል። በመሐሉ ግን ብዙ ነገር ሾልኮ ይወጣል። እናት ስትጠየቅ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «ስልኩ ተበላሽቷል» ይባላል። የወንድም ድምፅ ይሻክራል፤ ከጀርባ የሰው ብዛት ይሰማል። ቀን ላይ በሥራ የተያዘች ልጅ ይህን ሰምታ ታልፈዋለች፤ ሌሊት ግን አእምሮዋ ይሰበስበዋል። ህልሙ የነገራት ጆሮዋ አስቀድሞ የሰማውን ነው።

ቁጥሩም ይታሰብ። የሁለት ዓመት ውል 730 ሌሊት ነው። በአንድ ሌሊት የሚታየው ህልም ብዙ ነው። ስለ ቤተሰብ ከምናያቸው ፍርሃቶች ውስጥ ሳይደርሱ የቀሩትን ማንም አይቆጥራቸውም፤ የገጠመው አንዱ ግን ዕድሜ ልክ ይነገራል። ከዚህ ለቤተሰብም አንድ ቃል አለ፤ እባካችሁ እውነቱን አትደብቁን። የሚቀመጥላትን ሰው አጠገቧ ካዘጋጃችሁ በኋላ ለልጃችሁ በቀጥታ ንገሯት። የተደበቀ መርዶ ሌሊቱን ሁሉ ያሳቅቃል።

ተረት፦ ዱካክ የሚጫን መንፈስ ነው።

እውነታ፦ ዓይን ተገልጦ፣ ሰውነት አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ደረት ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ መስሎ የሚሰማው ነገር በሕክምና ይታወቃል። ህልም በሚታይበት እንቅልፍ ውስጥ አእምሮ የሰውነትን ጡንቻ ያስራል፤ ይህም የምናልመውን ተነስተን እንዳንሠራ ይጠብቀናል። አንዳንዴ ሰው ይነቃል፣ እስሩ ግን ለጥቂት ሰኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ይዘገያል። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦችም ያውቁታል፤ ጃሱም ይሉታል። አማርኛም ዐረብኛም የማይናገሩ ብዙ ሕዝቦችም የየራሳቸው ስም አላቸው። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውነቱ አንድ ነው።

የእንቅልፍ እጦት፣ የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ያብሱታል። በረመዳን እስከ ሱሁር ቆማ፣ ጠዋት ልጆች ለትምህርት ቤት የምታሰናዳ ሠራተኛ ዱካክ ቢበዛባት አይገርምም። መድኃኒቱ መጀመሪያ እንቅልፍ ነው፤ ያም ልመና ሳይሆን መብት ነው። የኤሚሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጡ የተያያዙ መሆን አለባቸው።

ተረት፦ ህልምን ሁሉ አለመቀበል እምነትን መካድ ነው።

እውነታ፦ ሃይማኖቶቻችን ለህልም ስፍራ ሰጥተዋል፤ ለሁሉም ህልም ግን አይደለም። ዮሴፍና ዳንኤል ህልም ፈትተዋል። በክብረ ነገሥትም ንጉሥ ሰሎሞን ፀሐይ ከእስራኤል ተነስታ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ በህልሙ ያያል። ይሁንና ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ ከልዑል ካልተላከ በቀር ህልምን የሚከተል ሰው ጥላ እንደሚያሳድድ ያስጠነቅቃል። በእስልምናም ህልም ሦስት ዓይነት ነው፤ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማስደንገጥ፣ ሰው ቀን ሲያስበው የዋለው። ክፉ ህልም ያየ ሰው በአላህ ይጠበቅ፣ ለማንም አይንገር ተብሏል። በየሱቁ የሚሸጠው በኢብን ሲሪን ስም የተጠራ የህልም መፍቻም፣ እሳቸው በ110 ዓመተ ሂጅራ ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌሎች እጅ የተሰናዳ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ።

ተረት፦ ቅዠት ከመጣ ችሎ ከማደር በቀር ምንም አይደረግም።

እውነታ፦ ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ ግን ፈርቶ መተኛትም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከጾታዊ ጥቃት ተርፈው በቅዠት የሚሰቃዩ 168 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት አንድ ቀላል ዘዴ ተፈትኖ ነበር። የሚደጋገመውን ቅዠት ቀን ላይ ይጽፉታል፤ እንደ ፈቀዳቸው ይለውጡታል፤ አዲሱን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በዓይነ ኅሊናቸው ይደጋግሙታል። ይህን የተማሩት ሴቶች ቅዠታቸው ቀነሰ፣ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ቅዠቱ የደረሰባችሁን በደል እየደጋገመ የሚያሳያችሁ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ሐኪም አማክሩ።

የራሴን ህልም በዚሁ መንገድ መረመርኩት። ወረቀት ይዤ ያለፈውን ሳምንቴን ጻፍኩ። የኢትሃድ መንገድ መጨናነቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። ስኒ ያጠብኩት እኔው ነኝ፤ ቡና አፍልተን ነበር። ሻንጣው ደግሞ ዴይራ ናይፍ ሰፈር አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ። ዋጋውን ጠይቄ፣ የምሞላበትን ስጦታ አስልቼ፣ ዘንድሮም አይሆንም ብዬ አልፌዋለሁ። ሀገሬን ካየሁ አራት ዓመት ሆኖኛል።

የቀረኝ የእናቴ ጥያቄ ብቻ ነበር። ደወልኩላት። ደህና ናት። ህልሙን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ለአፍታ ዝም አለች።

«እኔ መቼ ስለ ሻንጣ ጠይቄሽ አውቃለሁ፣ ልጄ?»

እውነቷን ነው፤ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ያ ጥያቄ የእኔ ነበር። ባዶ እጄን እንዳልገባ አራት ዓመት የያዘኝን ፍርሃት በእናቴ አፍ አናግሬዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ህልሙን እንደገና ጻፍኩት። ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ፤ አስፋልቱ አፈር ይሆናል፤ ጦሳ ከፊቴ ይቆማል። እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ስኒውን አስቀምጣ በስሜ ትጠራኛለች። በወሩ መጨረሻ ብሩን እንደ ወትሮው ላክሁ። ከዚያም የዕረፍት ፈቃዴን ለመጠየቅ አሠሪዬ ዘንድ ገባሁ።