ሜዳ ያጣው ክለብ

አትላንታ ውስጥ ስለ ኳስ ክለብ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠራው አትላንታ ዩናይትድን ነው። 70 ሺህ ያህል ተመልካች በሚይዝ ስታዲየም የሚጫወት ቡድን ነውና አይፈረድበትም። እኔ የማስተዋውቃችሁ ክለብ ግን ስታዲየም ቀርቶ የግብ ቋሚ ያለው መለማመጃ እንኳ ያጣ ነበር። ስሙ ፊዩጂስ ነው፤ ከዲኬተር ወደ ምሥራቅ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሄድ ሲሉ የምትገኘው የክላርክስተን ስደተኛ ልጆች ቡድን።

ክላርክስተንን የማያውቅ የአትላንታ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። የስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶች ርካሽ አፓርታማና የሕዝብ ትራንስፖርት ስላገኙባት ከሱዳን፣ ከላይቤሪያ፣ ከቦስኒያ፣ ከሶማሊያ፣ ከእኛም አገር የመጣውን እዚያ አሳረፉት። የመንግሥቱ ድጎማ 90 ቀን ነበር። ከዚያ ወላጅ ወደ ፈረቃው፣ ልጅ ወደ መኪና ማቆሚያው።

ሉማ ሙፍለህ ልጆቹን ያገኘቻቸው እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ሉማ የዮርዳኖሷ የአማን ልጅ ናት፤ አሜሪካ ስሚዝ ኮሌጅ ተምራ በዚያው ቀረች። ዲኬተር መሀል ካፌ ከፍታ ነበር፤ አላዋጣትም። በትርፍ ሰዓቷ የዲኬተር-ዲካልብ ዋይ ኤም ሲ ኤን የሴቶች ቡድን ታሰለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ቀን መንገድ ስታ ክላርክስተን ውስጥ አንድ አፓርታማ ግቢ ገባች፤ ባዶ እግራቸውን ያረጀ ኳስ የሚጠልዙ ልጆች አየች። ሌላ ቀን ደህና ኳስ ይዛ ተመለሰች፤ በዚያው ሰመር ቡድኑ ተመሠረተ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ደግ ሴትና ምስኪን ልጆች። እኔን የሚያበሽቀኝ ይኸው ነው። ክለቡን ያቆመው ከንፈር መምጠጥ ሳይሆን ደንብ ነው። ተጫዋቹ ውል ይፈርም ነበር፦ በሰዓቱ ሊገኝ፣ ላይሳደብ፣ ፀጉሩ ከአሰልጣኟ ፀጉር ላይረዝም። ልጆቹ በየአገራቸው እንዳይቧደኑ ልምምድ ላይ የሚወራው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በ2006 ከ15 ዓመት በታች ያለው ቡድን በፀጉሩ ጉዳይ ሲያንገራግር ሉማ የዓመቱን ውድድር ሰረዘችባቸው። ልጆቹ ራሳቸው ተሰባስበው እንደገና እንሞክር አሏት፤ እሷም ተጫዋቾቹን ከባዶ መረጠች።

ዲካልብ ገበያ፣ ሠራተኛው የሚችላቸውን ቋንቋዎች ደረቱ ላይ ለጥፎ በሚሠራበት በዚያ ትልቅ ገበያ፣ አንድ ሌሊት ሠራተኛ አባት ስለዚህ ክለብ ሳወራቸው ሽንኩርት እየመረጡ «ልጄ፣ ኳስ ምን ያበላዋል ብለህ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እዚያ እኮ ያላጠና አይጫወትም» አልኳቸው። ከልምምድ በፊት አስጠኚ ዘንድ መቀመጥ ግዴታ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቲማቲሙ አለፉ።

አሁን ወደ ሜዳው ልምጣ፤ የዚህ ክለብ ታሪክ ሲጠቀለል የሜዳ ታሪክ ነውና። ልጆቹ የሚለማመዱት ኢንዲያን ክሪክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀርባ ነበር፤ ሣሩ የተመለጠ፣ ጠጠር የበዛበት፣ ግብ ያልተተከለበት። አላፊ አግዳሚው በመሀላቸው አቋርጦ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቅብብል ይለመዳል፤ ግብ ማግባት ግን ከየት ይመጣል? አጥቂው ማዕዘን የሚለካበት ቋሚ የለው፣ በረኛው የሚጠብቀው መስመር የለው። ቅዳሜ ሲደርስ ታዲያ የሚገጥሙት መረብ ባለው ሣር ላይ ያደጉትን የሀብታም ሰፈር ልጆች ነው።

ከተማይቱ ግን ሜዳ አጥታ አልነበረም። ማይላም ፓርክ አለ። በ2006 ሰመር ከንቲባ ሊ ስዌኒ ሜዳው የቤዝቦልና የአሜሪካን ፉትቦል ነው፣ የእግር ኳስ አይረገጥበትም ብለው ከለከሉ። ነገሩን በዘር ጥላቻ ብቻ የሚፈታ አለ፤ እኔ እንደዚያ ብቻ አላየውም። አዋቂ ስደተኞች በየፓርኩ እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ስለነበር የሣሩ ነገር ያሳሰበው ነባር ነዋሪ ነበር። ቢሆንም ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ስደተኛ በሆነባት ከተማ ሜዳን ለቤዝቦልና ለአሜሪካን ፉትቦል ብቻ መጠበቅ ባዶ ቤት ቆልፎ እንግዳን በረንዳ ላይ እንደ ማሳደር ነው። ሉማ ጉዳዩን ለከተማው ምክር ቤት አቀረበች፤ ምክር ቤቱም ለጥቂት ወራት ፈቀደላት። ጥር 2007 ጋዜጠኛው ዋረን ሴንት ጆን ታሪኩን ኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ አወጣው፤ በ2009 ደግሞ መጽሐፍ አደረገው። ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ጋዜጣውን ነው። ጋዜጣው ከመምጣቱ በፊት በር ያንኳኳችው ግን አሰልጣኟ ናት።

በዚያው በ2007 ክለቡ ትምህርት ቤት ወለደ፤ ፊዩጂስ አካዳሚ። በ2018 ኦሃዮ ውስጥ ኮለምበስ ላይ ሁለተኛው ተከፈተ። በነዚህ ትምህርት ቤቶች ኳስ መጫወት እንደ ሒሳብ ሁሉ ግዴታ ሆነ።