በረካው ከማን ወረደ? ከፈረቀሳ እስከ ማኦሻን

ወዳጆቼ፣ ስለ ወሊዮችና ስለ ፈዋሾች ጨዋታ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ "እውነት ይሠራል?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከዚያ በፊት የምጠይቀው አለኝ፦ በረካው ከማን ወረደ? ማንስ ለማን አስረከበ? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አርሲን ብትዞሩ፣ በስንዴ ማሳና በሯጮች ብቻ የምታውቁት ደጋ ሌላ አገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከአሰላ እጅግ ርቆ፣ ቻይና ውስጥ ማኦሻን በሚባል ተራራ ስም የሚጠራ የፈውስና የአስማት ወግም ይህንኑ ጥያቄ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲያነሣና ሲጥል ኖሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱ ለሌላው ብርሃን ይሆንልኛል፤ ለእናንተም እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ።

ከቅርቡ ልጀምር። አርሲ ውስጥ ፈረቀሳ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ከአዲስ አበባ ጎረቤታችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ወደዚያ የሚጓዘው የአርሲ ሰው ብቻ አይደለምና። ቦታውን የታወቀ ያደረጉት ስቲ ሞሚና ናቸው፤ አዮ ሞሚና የሚሏቸውም አሉ። የተወለዱት ወሎ ነው። ያረፉት በ1929 ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስማቸው የተተከለው ግን በአርሲ ምድር፣ በጉናና በፈረቀሳ ነው። መንፈስ ያስቸገረው፣ በሽታው ያልታወቀለት፣ ስለት ያለበት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ካረፉም በኋላ መምጣቱ አልቀረም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውም ይመጣል።

ሞሚና ከተወለዱበት ከወሎ ጋር አብሮ የሚነሣ ትልቅ ወግ አለ፤ ወዳጃ። ወዳጃን ያላየ ሰው "ጫት መቃም ነው" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ግን እንዲያ አይደለም። ሰዎች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ የእያንዳንዱ ሰው ጭንቀት ስሙ እየተጠራ ዱዓ ይደረግለታል፣ ተሰብሳቢው "አሚን" ይላል። ድቤና ዜማ ይከተላል። ችግሩ መንፈስ ከሆነ ደግሞ መንፈሱ ይጠየቃል፦ ማነህ? ከየት መጣህ? ምን ትሻለህ? ልብ በሉ፣ በዚህ ዓይነቱ ፈውስ መንፈሱም ቢሆን ዘሩን ካልተናገረ አይለቀቅም። ፈዋሹም ታማሚውም፣ ታማሚው ላይ ያደረውም "ከማን ነህ?" ለሚለው መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

የወሎ ወግ አርሲ ድረስ እንዴት ወረደ? ዘመኑን አስታውሱ። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ሲሉ ብዙ ሕዝብ ከአገሩ ተነቅሏል። ከ1882 እስከ 1886 ደግሞ የምኒልክ ጦር አርሲን በብርቱ ውጊያ ያዘ፤ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ አዙሌ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰሜንና ከሸዋ ወታደሩም ገበሬውም ነጋዴውም ወደ ደጋው ፈለሰ። የአርሲ ኦሮሞ በበኩሉ በነዚያው አሥርት ዓመታት በብዛት ወደ እስልምና ገባ፤ የታሪክ ጸሐፊው አባስ ሐጂ ይህን ለውጥ ከድል አድራጊው አገዛዝ ጋር ከነበረው ተጋድሎ ጋር አያይዞ ያየዋል። እንዲህ በቆሰለና ገና ባልረጋ አገር ላይ፣ ሁሉም እኩል ዝቅ ብሎ የሚገባበት ደጅ መከፈቱ ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው መገመት አያቅትም።

አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ሥልጣን መያዟ ለአርሲ እንግዳ ነገር አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የአርሲ ሙሽራ ከእናቷ እጅ ሲንቄ የተባለውን በትር ተቀብላ ትዳር ትገባለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለት ተጣዪዎች መካከል ከቆሙ ወንዱ አልፎ አይመታም። አቴቴ በሚባለው ሥርዓታቸውም ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰላም ይለምናሉ። የሴት ልመና ይሰማል የሚለው እምነት ሞሚና ከመምጣታቸው በፊት በደጋው ላይ ነበር።

ሞሚና ካረፉ በኋላ መንበሩ ለዘራቸው ተላለፈ። ይህ አንዱ የማስረከቢያ መንገድ ነው፦ ደም።

አሁን ወደ ቻይና ልውሰዳችሁ። ዳኦ በሚባለው ሃይማኖታቸው ውስጥ ዋነኛው የደም መስመር ከዣንግ ዳኦሊንግ ይጀምራል። በ142 በሲቹዋን፣ ሄሚንግ በሚባል ተራራ ላይ ጥንታዊው ሊቅ ላኦዚ ተገልጦ ቃል ኪዳን ሰጠው ይላሉ። ማዕረጉ "የሰማይ መምህር" ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ በቁጥር ይቆጠራል። ቤተሰቡ በኋላ ሎንግሁ ተራራ ላይ ተቀመጠ፤ ስልሳ ሦስተኛው መምህር በ1949 ወደ ታይዋን ተሻገረ። ትውልዱን ለሚቆጥር ለአርሲ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ሲኮና መንዶ ከሚባሉት ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ አያት ቅድመ አያቱን ሳይሳሳት የሚዘረዝር ሽማግሌ በደጋው ሞልቷል።

የማኦሻን አጀማመር ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝም እሱ ነው። በ364 ናንጂንግ አካባቢ ያንግ ሺ ለሚባል ሰው በሌሊት ቅዱሳን ይገለጡለት ጀመር። እስከ 370 ድረስ የነገሩትን ጻፈ። ከተገለጡለት ሁሉ ዋነኛዋ መምህርቱ ዌይ ኋትሱን የተባለች ሴት ነበረች፤ ባል የነበራት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደገች፣ በሰማይ መምህራን ሥርዓትም ክህነት የነበራት። የሞተችው በ334 ነው፤ ይህም ማለት ማስተማር ስትጀምር ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ወገኑ ዛሬም የመጀመሪያዋ መሪያችን ብሎ የሚቆጥረው እሷን ነው።

ያንግ ሺ የጻፋቸው ወረቀቶች እሱ ከሞተ በኋላ ተበተኑ፣ ተገለበጡ፣ ተሸጡ፣ በሐሰትም ተጻፉ። በ492 ታኦ ሆንግጂንግ የተባለ ሊቅ የቤተ መንግሥት ሥራውን ትቶ ማኦሻን ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቶቹን የሰበሰበውም እሱ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የለየው በእጅ ጽሑፉ ነው። የያንግ ሺን የብዕር አጣጣል እያጠና ይህ የሱ ነው፣ ይህ አይደለም ይል ነበር። ሁለተኛው የማስረከቢያ መንገድ እንግዲህ ጽሑፍ ነው። የኛ ደብተራዎችም ይህን ያውቁታል፤ ክታቡ በብራና ላይ የሚጻፈው፣ አስማቱ የሚገለበጠው ከመምህር እጅ ነው።

ዛሬ በደቡብ ቻይና፣ በማሌዢያና በሲንጋፖር "የማኦሻን አስማት" የሚባለውን የሚሠሩ የመንደር ጠቢባን አሉ። በቢጫ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ክታብ ይጽፋሉ፣ መናፍስትን ያዛሉ። ከተራራው ሊቃውንት ጋር የሚያገናኛቸው ግን ከትምህርቱ ይልቅ ስሙ ነው። የብዙዎቹ ሥርዓት ይበልጥ የሚቀርበው ሉሻን ወደሚባለው የፉጂያን ሕዝባዊ ወግ ነው፤ የዚያም ወግ ታላቅ እመቤት አሁንም ሴት ናት። ቼን ጂንግጉ በስምንተኛው መቶ ዓመት ጉቲያን በሚባል አውራጃ ኖረች ይባላል። አፈ ታሪኩ እርጉዝ ሳለች ለድርቅ ዝናብ ልታወርድ ወጥታ እንደሞተች፣ ስትሞትም የወላድ ሴቶች ጠባቂ ልትሆን እንደማለች ይናገራል። በምጥ የተያዘች የፉጂያን ሴት ስሟን ትጠራለች። አርሲ ውስጥ በምጥ የተያዘች ሴት የምትጠራው የወላድ ጠባቂ የምትባለውን ማራምን ነው።

ሦስተኛውን መንገድ ለማየት ከአሰላ ወደ ምሥራቅ፣ ዋቢ ሸበሌን ተሻግራችሁ ወደ ባሌ ሂዱ። አናጂና ላይ የወሊዩ የሼህ ሁሴን መቃብር ያለበት ድሬ ሼህ ሁሴን አለ። ቦታው ባሌ ይሁን እንጂ የአርሲ ደጋ ሰው ከልቡ የራሱ ያደርገዋል። ሼህ ሁሴን የኖሩት በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደሆነ ይነገራል፤ አባቶቻቸው ከሶማሌ ጠረፍ ከመርካ እንደመጡ፣ ዘራቸውም እስከ ነቢዩ እንደሚደርስ ይቆጠራል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነገሡት የሐረሩ አሚር ዐብዱሸኩር ለቦታው ትልቅ ክብር ሰጡ፤ የመቃብሩ ነጭ ቁባም ከስማቸው ጋር ይያያዛል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ሲያልፍ ቦታውን አይቶ ጽፎበታል። የሼህ ሁሴን ገድል ረቢዕ አልቁሉብ በሚል ርእስ በዐረብኛ ተጽፎ በ1927 ካይሮ ላይ ታትሟል።

ተጓዦቹን መንገድ ላይ ብታገኟቸው ትለዩአቸዋላችሁ፤ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይዘዋል፣ ኡሌ ሼህ ሁሴን ይሉታል። ጋሪባ የሚባሉት ተጓዦች ባሕሮ የሚባለውን ውዳሴ በኦሮምኛ እያዜሙ፣ ያገኙትን እየተመገቡ ቀናት ይጓዛሉ። ሲመለሱ ጃዋራ የሚሉትን ነጭ አፈር ለቤተሰብ ይዘው ይመጣሉ። እዚህ ኃይሉን ለመቀበል የሼሁ ዘር መሆን አያስፈልግም፣ ማንበብም አያስፈልግም። መሄድ ይበቃል። በረካውን የሚያስተላልፈው ቦታውና መንገዱ ራሱ ነው።

ይህ መንገድ ደግሞ ከእስልምናው በፊት የተረገጠ ነው። ኦሮሞ ከየአቅጣጫው ጂላ የተባሉ ተወካዮቹን ወደ ታላቁ የሃይማኖት አባቱ፣ ወደ አባ ሙዳ ይልክ ነበር፤ ሄደው ይመረቃሉ፣ ተቀብተው ይመለሳሉ። ምኒልክ በ1900 ገደማ ይህን ጉዞ ከለከሉ። እግሩ ግን መንገዱን አልረሳም። ወደ ሼህ ሁሴን በሚደረገው ጉዞ ውስጥ የሙዳን ወግ የሚያዩ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ማኦሻን ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ያንግ ሺ ከመወለዱ በፊት ተራራው ማኦ የተባሉ ሦስት ወንድማማች ቅዱሳን ይመለኩበት ነበር፤ አዲሱ መገለጥ የመጣው ሰው አስቀድሞ በሚሳለመው ተራራ ላይ ነው።

እንግዲህ "ትክክለኛው የማኦሻን ወራሽ ማን ነው?" ወይም "እውነተኛው የአርሲ እምነት የቱ ነው?" ብሎ አንዱን ብቻ መምረጥ ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ደሙ፣ ጽሑፉና መንገዱ እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ሞሚና ከወሎ ያመጡትን ወግ አርሲ ላይ ተከሉ፣ ልጆቻቸው ወረሱት፣ ከየከተማው የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የየራሱን ጨመረበት። ሰንሰለቱ ንጹሕ ስላልሆነ ሐሰት አይሆንም፤ ሕያው የሆነ ሰንሰለት ሁሉ እንዲህ ነው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ከሳውዲ ዐረቢያ ተምረው የተመለሱ መምህራን ዚያራውን፣ ማለትም ወደ ወሊዮች ቦታ የሚደረገውን ጉዞ፣ አጥብቀው ሲቃወሙ ኖረዋል፤ ለወሊይ መቃብር መስገድ ሽርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው ይላሉ። ጴንጤዎችም በየበኩላቸው ይነቅፉታል፣ የኦርቶዶክስ ካህናትም ምእመናናቸው ወደ ፈረቀሳ ባይሄዱ ይመርጣሉ። ይህ የእምነት ጉዳይ ነውና ማንም በሕሊናው ይፍረድ። ነገር ግን ተቃዋሚም ደጋፊም ሊስማሙበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ታሪኩ መጥፋት የለበትም። ድሬ ሼህ ሁሴንን ኢትዮጵያ በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ አስፍራዋለች። የጋሪባዎቹን ባሕሮ፣ የአዮ ሞሚናን የወዳጃ ዜማዎችና ማን ለማን እንዳስረከበ የሚነገረውን ቃል ግን ብዙውን የያዙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ታኦ ሆንግጂንግ ባይሰበስብ ኖሮ የያንግ ሺ ወረቀቶች ጠፍተው በቀሩ ነበር።

ስለዚህ አሰላ፣ በቆጂ፣ ሮቤ፣ አቦምሳ ያላችሁ ወጣቶች፣ አያቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ስልካችሁን አውጡና አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ከማን እንደሰሙት ጠይቁ፣ ያም ከማን እንደሰማው ጠይቁ፣ ስሞቹን በቅደም ተከተል ጻፉ።