መብራት ሲመለስ ስለሚደርስ ጉዳት

ኤሌክትሪክ በአገራችን መጀመሪያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ለማብራት ነበር። ዛሬ ግን በሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ ግቢዎች እንኳ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገኛል። ይሁን እንጂ በዚህ ኃይል የሚጠቀመው ብዙ ሲሆን ጠባዩን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም ከማያውቁት አንዱ እንደ ነበርሁ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እናቴ በፈረስ መጋላ አካባቢ ባለች ትንሽ ሱቅ እርጎና ለስላሳ መጠጥ ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። እናቴም «ልጄ፤ ፍሪጁን ልንቀለው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ፊዚክስ ተምሬአለሁ ባይ ነበርሁና «ባልቦላ አለን፤ ምንም አይነካውም» ብዬ መለስሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ቦግ አለና ጠፋ፤ ደግሞም በራ። ፍሪጁ ጥቂት አጉረምርሞ ዝም አለ፤ የቃጠሎ ሽታም ሱቁን ሞላው። ባልቦላው ግን ደኅና ነበር! ጠጋኙ ሞተሩ መቃጠሉን በነገረን ጊዜ እናቴ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረችኝም፤ ለእኔ ግን ከቁጣ ይልቅ ዝምታዋ ከበደኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ስሕተቴ ምን ነበር? ኤሌክትሪክን በቧንቧ በሚሄድ ውኃ ብንመስለው፤ ቮልት የውኃው ግፊት ሲሆን አምፔር ደግሞ የሚፈሰው መጠን ነው። ባልቦላ የሚቈጣጠረው አምፔርን ነው። ብዙ ሲፈስ በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ቀልጣ መስመሩን በመቍረጥ ቤቱን ከእሳት ታድናለች። ቮልት ከፍ ማለቱን ግን አታውቅም፤ እስክትቀልጥም ድረስ ዕቃው ይቃጠላል።

በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ይህን ልክ የሚያዛቡ ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፤ መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ምጣድና ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል። ለፍሪጅ ዝቅ ማለቱም ጠላት ነው። ፍሪጁ ገና እንደ ቆመ በውስጡ ያለው ጋዝ ተጨምቆ ስለሚቈይ፤ ኃይሉ ደካማ ከሆነ ሞተሩ መዞር ያቅተውና ግሎ ይቃጠላል።

ሁለተኛው፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣው የዜሮ መስመር ሲበጠስ ነው። በዚያን ጊዜ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ለቤቶቹ እኩል ሳይከፋፈል ይቀራል፤ አንዱ ቤት ሲደበዝዝ ሌላው ከልክ በላይ ይደምቃል። ሙቀት በቮልቱ ስኩዌር ልክ ስለሚጨምር፤ 380 ቮልት የደረሰበት ዕቃ ሦስት እጥፍ ያህል ይግላል።

ሦስተኛው መብረቅ ነው። በመስመሩ አጠገብ ቢወድቅ እንኳ በሽቦው ላይ ለቅጽበት ብዙ ሺህ ቮልት ሊሰድ ይችላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ሁሉ ከሶኬት መንቀል፤ አንድ አምፖል ብቻ ለመልእክተኛነት እንደ በራ መተው ነው። መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ሳይዋዥቅ አምስት ደቂቃ ከቈየ ዕቃውን አንድ በአንድ መሰካት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የፍሪጁም ጋዝ ይረጋጋል። መብረቅ ሲያስፈራም የቴሌቪዥኑን የዲሽ ገመድ ጭምር መንቀል ይገባል።

ዐቅም ያለው ሰው ቮልት ከልክ ሲወጣ መስመሩን የሚቈርጥና ሲስተካከል ቈይቶ የሚቀጥል መከላከያ ቢገዛ መልካም ነው። ስታቢላይዘርም የተዛባውን ቮልት ያስተካክላል፤ ነገር ግን ለመብረቅ ፍጥነት አይደርስም። ለመብረቅ የተሠራው መከላከያ ትርፉን ኃይል ወደ መሬት የሚሰድ ስለሆነ፤ በግቢው የምድር ሽቦ ካልተቀበረ ሥራው ጎደሎ ነው። ይህንንም ባለሙያ ይሥራው እንጂ ቈጣሪን መነካካት ለሕይወት ያሰጋል። ከአምፖሎች አንዳንዱ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ወዲያው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መንገር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤት የሆነ መኪና ይዘው የሚጓዙ ጠንቃቆች በደረሱበት ሰፈር ሶኬቱን በመሣሪያ ሳይመረምሩ አይሰኩም። የማያውቁትን መስመር አያምኑምና። እኛ ደግሞ ቤታችን ባይንቀሳቀስም፤ ጠፍቶ የተመለሰ መብራት ሁሉ እንደ እንግዳ መስመር ሊቈጠር ይገባዋል።

እናቴ አሁን ያገለገለ ፍሪጅ ገዝታለች። መብራት በጠፋ ቍጥር ሳትጠይቀኝ ትነቅለዋለች፤ ሲመለስም አምፖሉን እያየሁ ደቂቃ የምቈጥረው እኔ ነኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! የተማርነውን ለእናቶቻችን ከመንገራችን በፊት በሚገባ እንመርምረው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነውና።