ከጉልበቱ አስቀድሞ ፍሬኑ

ያገለገለ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው መኪናውን ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ባለቤት ጠባይም አብሮ ይገዛል። የቀድሞው ባለቤት ዘይቱን በጊዜው ይለውጥ የነበረ እንደሆነ፣ መኪናው ያንን መልካም ጠባይ ይዞ ይመጣል፤ ቸልተኛ የነበረ እንደሆነ ግን የቸልተኝነቱ ዕዳ በአዲሱ ገዢ ላይ ይወድቃል። ይህ በማናቸውም መኪና ላይ እውነት ቢሆንም፣ ይልቁንም የሚጎላው አራት በርና የቤተሰብ መቀመጫ ኖሮት፣ በሞተሩ ግን የእሽቅድምድም መኪና ዘመድ በሆነው አውቶሞቢል ላይ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፣ በኬንያዋ ሞያሌ አካባቢ ወደምትገኘው ወደ ቦሪ ዘመድ ለመጠየቅ በሄድንበት ጊዜ የሰማነው ነገር ነው። የቤቱ ጌታ በንግድ የሚተዳደሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ለቤታቸው አንድ ክፍል ለመጨመር ባጠራቀሙት ገንዘብ ከናይሮቢ አንድ ያገለገለ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ገዙ። መኪናው ቱርቦ ያለውና በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎትት ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በአስፋልት ከተሠራ ወዲህ፣ ቀድሞ ለከባድ መኪናዎች እንኳ አስቸጋሪ የነበረው በረሓ ለእንዲህ ያለው ዝቅተኛ አውቶሞቢልም ተከፍቷል።

ታዲያ ቤተሰባቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ከማርሳቢት ተራራ ወደ ሰሜን በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ከእግራቸው ሥር ሰመጠ። ባለመኪናው ማርሹን ወደ ዝቅተኛው መልሰው፣ በእጅ ፍሬንም እየረዱ፣ በብዙ ጭንቀት ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ከኋላ ለተቀመጡት ልጆች ጨዋታ የመሰላቸው ነገር፣ ለወላጆቻቸው ግን የሞትና የሕይወት ሰዓት ነበር።

ቦሪ ደርሰው ሒሳባቸውን ሲያዩ የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ሆነ። ባለመኪናው ግን ከመግዛታቸው በፊት ያሰቡት ነበራቸው፤ ድምፁ የሚያስገመግም ማርሚታ፣ ሰፋፊ ቸርኬዎች፣ ከዚያም ቱርቦውን ማስጨመር። ባለቤታቸው ቡናውን እየቀዱ፣ «የልጆቼ አባት፣ ይህ መኪና መሮጡን አይቻለሁ፤ መቆሙን ግን ገና አላየሁም» አሉ። የቤቱ ጌታም ወደ እኛ ዞረው፣ «እንግዲህ እናንተ ፍረዱን» አሉን። እኛም በዚያን ምሽት የሰጠነውን ፍርድ ለአንባቢዎቻችን ከነምክንያቱ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፣ ሰውየው ይህን መኪና መውደዳቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ምክንያት የተጀመረውና በኋላ ሳፋሪ የተባለው የመኪና ውድድር፣ በምሥራቅ አፍሪካ አያሌ ወጣቶችን ለመኪና ፍቅር አሳልፎ ሰጥቷል። በ1989 ዓ.ም. ኮሊን ማክሬ፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ በርንስ ይህን ውድድር ያሸነፉት በሱባሩ ኢምፕሬዛ ነበር። ውድድሩ ከብዙ ዓመታት መቋረጥ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ በናይቫሻ አካባቢ ተካሂዷል።

ነገር ግን ከዚሁ ውድድር ታሪክ ለቤተሰብ አባት የሚጠቅመው ሌላው ነው። በ1957 ዓ.ም. የኬንያው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድማቸው ከጃስዋንት ጋር ሆነው ሳፋሪን ያሸነፉት፣ ከዚያ በፊት በሌሎች እጅ ብዙ በሮጠ ያገለገለ ቮልቮ ነው። ጆጊንደር በሙያቸው መካኒክ ነበሩ። በኋላም በ1966 እና በ1968 ዓ.ም. በሚትሱቢሺ ላንሰር ደግመው አሸነፉ። በጭቃና በአቧራ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሚሮጥበት ውድድር ድሉን የሚወስደው፣ ከሁሉ በፊት ሳይሰበር የሚደርሰው ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋው በዕድሜው ሳይሆን በተደረገለት እንክብካቤ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር የለም።

ወደ ፍርዳችን እንመለስ። ከሁሉ የሚቀድመው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበትን ቀስ በቀስ ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተደጋገመ ጊዜ ሙቀቱ ይጨምርና፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊትን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ፔዳሉ ይሰምጣል። በማርሳቢት ቁልቁለት የደረሰው ይኸው ነበር። ይህን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ከአንድ ማርሚታ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። የፍሬኑን ሸራና ዲስኩንም አብሮ ማስመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚያመለክቱ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ በበረሓ ሙቀትም ይፈነዳል። በተለይ በአራቱም ጎማዎቹ ለሚጎትት መኪና አራቱን በአንድ ዓይነትና በአንድ ልክ መግጠም ያስፈልጋል። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ቢሆን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ዲፈረንሺያል ያለ ዕረፍት ሲፍተጨተጭ ኖሮ ይቃጠላል።

ሦስተኛው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ራዲያተሩ የተደፈነ፣ ክዳኑ የላላ፣ ቧንቧው የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ ከሞያሌ እስከ ቱርቢና ቡቢሳ ያለው ሙቀት ይፈርድበታል። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ብዙ እጅ ይበላል።

አራተኛው የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል በአንድ ልክ የሚያስኬደው ቺንጋ ነው። በብዙዎቹ ያለፈው ዘመን የሱባሩ ሞተሮች ይህ ቺንጋ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ይለወጣል። ሞተሩ እየሠራ የተበጠሰ እንደሆነ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ። ሻጩ «ተለውጧል» ቢል ደረሰኙን ማየት ነውር አይደለም። ደረሰኝ ከሌለ ግን እንዳልተለወጠ ቆጥሮ መለወጥ ብልኅነት ነው።

ስለ ቱርቦም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቱርቦ ለደጋ አገር ታላቅ ረዳት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሶ ይገኛል ማለት ነው። ቱርቦ አየሩን ገፍቶ በማስገባት ይህን ጉድለት ይሞላል። ሆኖም የሚሽከረከረው በሚነድደው ጭስ ኃይል ስለሆነ እጅግ ይግላል፤ ስለዚህም ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል። ከረጅም ግልቢያ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እንዲያርፍ ማድረግ መልካም ነው። ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲገፋ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ነዳጁ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፤ ሞተሩም ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይበሳል። ጉልበት ለመጨመር የሚሻ ሰው ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ሞላውንና ማቀዝቀዣውን ካጠነከረ በኋላ፣ በመጨረሻ በዐዋቂ እጅ ቢያስጨምር ይሻለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ ተራውን የለወጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የሞያሌ ሰው ደግሞ ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር አለው። ኬንያ በግራ በኩል ይነዳል። ኢትዮጵያ ግን ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ይነዳል። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ፣ ድንበሩን አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሾፌሩ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ይቀመጣል። የቀደመውን ከባድ መኪና ለማለፍ ሲሻ፣ ከፊት የሚመጣውን ለማየት አብዛኛው የመኪናው አካል ወደ መካከል መውጣት አለበት። የፊት መብራቱም ለግራ መንገድ የተሠራ ስለሆነ፣ ጨረሩ ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መብራቱን ማስተካከል፣ ለማለፍም አለመቸኮል ያስፈልጋል።

አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን እንጨምር። በድንበሩ ላይ አንዱ ዕቃ ሁለት ስም አለው። እኛ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ የምንለውን ከኢጣሊያኖች ወርሰናል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ግን ከእንግሊዞች ወስዶ ብሬኪ፣ ጊያ፣ ታይሪ ይላል። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ጋሪ በእኛ ዘንድ ፈረስ የሚስበው ሲሆን በስዋሂሊ አውቶሞቢል መሆኑ ነው። ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ስም ቢያውቅ፣ ያላዘዘው ዕቃ ሳይገጠምለት ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በድንበሩ በሰሜን በኩል እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው፣ ሌላ ከመፈለግ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ይበጀዋል።

የቦሪው ወዳጃችን በመጨረሻ የፍሬኑን ዘይትና ሸራ አስለወጡ፤ አራት አንድ ዓይነት ጎማዎችም ገዙ። ማርሚታው ለጊዜው ቀረ። ከቦሪ በተነሣንበት ጠዋት ቤተሰቡን ሁሉ አሳፍረው እስከ ድንበሩ ሸኙን፤ መኪናውም ካለ አንዳች ጩኸት፣ በተፈለገበት ስፍራ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤታቸውም ከኋላ ሆነው፣ «አሁን የእኛ ሆነ» አሉ።